የሰው ወርቅ በራስ እጅ ሲቀልጥ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት የተዋሰውን ጌጥ አጥልቆ አደባባይ ለሚወጣ ሰው የተነገረ ተግሣጽ ነው። ወርቁ የሌላ ነውና ባለቤቱ ሲወስደው አንገቱ ባዶውን ይቀራል። ይህ አባባል ወደ ኪነ ጥበብ ዓለም ሲገባ ግን ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጻረሩ ሕመሞች ሲያጅቡት ኖረዋል። አንደኛው ሠዓሊ መዋስን ስለሚፈራ የሌላውን ሥራ ላለማየት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሁለተኛው የሌላውን ወርቅ አይቶ የራሱን ብር እንደ ቆርቆሮ ይቆጥራል። የፊተኛው ትዕቢት፣ የኋለኛው ኀፍረት ነው። ሁለቱም ግን ከአንድ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው፤ ይኸውም የራስን ሥራ ከሌሎች ሥራ ጎን አስቀምጦ በትክክል የማስተያየት ችሎታ ማጣት ነው።

ማስተያየት ለኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ሥዕል ከባሕር ማዶ የመጡ ሥራዎችን ያላየበት ዘመን ጥቂት ነው። በየዘመኑ የነበሩት ሠዓሊዎች የሌላውን ሥራ አይተዋል፤ መዝነዋል፤ የወሰዱትን ወስደዋል፤ የተዉትን ትተዋል። እንግዲህ የታሪኩ ቁም ነገር «ተዋሱን ወይስ አልተዋሱም?» የሚለው አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ ሲያስተያዩ ምን ፈለጉ፣ ያገኙትንስ ምን አደረጉት የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ ይህን ጥያቄ ከ15ኛው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ይከተላል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፍሬ ጽዮንና የቬኒሱ ሰው

ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለእመቤታችን ማርያም ክብር ልዩ ትኩረት የሰጡ ንጉሥ ነበሩ። በዓሎቿ እንዲከበሩ፣ ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት አቁመዋል። ይህ ሥርዓት ለሥዕል ከፍተኛ ፍላጎትን አስከተለ። በጣና ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተሳለ አንድ የማርያም ሥዕል ከዚያ ዘመን ተርፎ ይገኛል። በላዩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ሥዕሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን መሠራቱንና የሠዓሊውን ስም ይናገራል፤ ስሙ ፍሬ ጽዮን ነው። አብዛኛው ሠዓሊ ስሙን ሳያኖር ባለፈበት ዘመን የአንድ ሠዓሊ ስም ተጽፎ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የፍሬ ጽዮንን ሥራዎች የመረመሩ የታሪክ ሊቃውንት በሥዕሎቹ ውስጥ የባይዛንታይንና የጣሊያን ሥዕሎች አሻራ መኖሩን አመልክተዋል። ሠዓሊው እነዚያን የውጭ ሥዕሎች ሳያይ እንዲህ ያለውን አቀራረብ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ነገር ግን የፍሬ ጽዮንን ማርያም የጣሊያን ሥዕል ነው ብሎ የሚሳሳት ተመልካች የለም። መስመሩ ጥርትና ቁጥብ ነው፤ ልብሱ በተደረደሩ እጥፋቶች የተሸፈነ ነው፤ ፊቱም የቀደመውን የብራና ሥዕል ሥርዓት ይጠብቃል። የተወሰደው አቀራረብ ነው፤ እጁ ግን የባለቤቱ ነው።

በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ጉዳዩ በተቃራኒው አቅጣጫ ተፈጸመ። ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለረጅም ዓመታት ኖረ። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አግኝቶታል። ብራንካሌዎን መርቆሬዎስ በሚል ስም ይጠራ ነበር፤ በሥራዎቹም ላይ የግእዝ ጽሑፍ ይታያል። ይህ ሰው ይዞት የመጣውን የእጅ ሙያ ለአገሬው ልማድና ለአገሬው ምእመን እንዲስማማ አድርጎ መሥራት ነበረበት። ማስተያየት የአንድ ወገን ግዴታ እንዳልሆነ የእርሱ ሕይወት ይመሰክራል። ኢትዮጵያዊው የቬኒሱን ሥራ እንደ መዘነ ሁሉ የቬኒሱም ሰው ሥራውን በኢትዮጵያውያን ዓይን መመዘን ተገድዷል።

ሃይማኖቱ ሲባረር ሥዕሉ ቀረ

የማስተያየት ጥበብ በእጅጉ የተፈተነው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከስብከታቸው ጋር የታተሙ ሥዕሎችንና የቅዱሳት ሥዕላት ቅጂዎችን አስገብተው ነበር። ከእነዚህም ዋነኛው በሮም በምትገኘው በታላቋ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚከበረው የእመቤታችን ሥዕል ነው። ማርያም ሕፃኑን በግራ ክንዷ ይዛ፣ እጆቿን ከፊት አነባብራ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታ፣ በግራ እጇ መሐረብ ጨብጣ ትታያለች። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዟል፤ በሌላው ይባርካል።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ውጤቱ ግን የእርስ በርስ ጦርነትና ደም መፋሰስ ሆነ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ደግሞ ጎንደርን ቆረቆሩ። በዚህ ሁኔታ ኢየሱሳውያኑ ያመጡት ሁሉ ይጠላል፣ ይቃጠላል፣ ይረሳል ተብሎ መጠበቁ አያስደንቅም።

ነገሩ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። ሰባኪዎቹ ሲባረሩ ሥዕሉ ቀረ። ቀርቶም አላበቃ፤ በጎንደር ዘመን ከሁሉ ይልቅ የሚወደድና በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሳል የማርያም ሥዕል ሆነ። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» በሚል ስም የሚጠራው ሥዕል ዛሬም የተነባበሩትን እጆች፣ የተዘረጉትን ሁለት ጣቶችና መሐረቡን ጠብቆ ይገኛል። የሮሙን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ቢመለከተው ዝምድናውን ወዲያው ይለያል።

ነገር ግን ሠዓሊዎቹ ሥዕሉን እንዳለ አላስቀመጡትም። ከማርያም ግራና ቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙ። ጥላውንና የሥጋውን ክብደት ትተው ብሩህና ድፍን ቀለም ሰጡት። ዓይኖቹን ትልልቅና ወደ ተመልካቹ የሚመለከቱ አደረጓቸው። የሮሙ ሥዕል ብቻዋን የምትታይ እናት ሲሆን፣ የጎንደሩ ሥዕል በመላእክት አጀብ የምትታይ ንግሥት ሆነ። ቤተ መንግሥትን በየዕለቱ የሚያየው ሠዓሊ ክብር እንዴት እንደሚታይ ያውቃልና፣ ለሥዕሉ የጎደለ የመሰለውን ከገዛ ኑሮው ጨመረለት።

ተመሳሳይ ነገር በመጻሕፍት ላይም ታይቷል። በ1590 እና በ1591 በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ በፍሎሬንሳዊው ሠዓሊ በአንቶንዮ ቴምፔስታ ንድፍ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ነበሩት። እነዚህ ሥዕሎች ኢትዮጵያ ደርሰው በ17ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ የወንጌል ብራናዎች ላይ መነሻ ሆነዋል። የቴምፔስታ ሥዕሎች ሕንፃና መልክዐ ምድር የበዛባቸው፣ ወደ ኋላ እየራቀ የሚሄድ ቦታ የሚታይባቸው፣ ቀለም የሌላቸው የጥቁር መስመር ኅትመቶች ናቸው። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የታሪኩን አደራደር ተቀበለ፤ ርቀቱንና ግርግሩን አስወገደ፤ ቀለም የሌለውን በቀለም ሞላ። አንባቢው ማየት ያለበት ማን ለማን ምን እንዳደረገ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ለእርሱ ትርፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሠዓሊው ርቀትን የተወው ስላልፈለገ ነው ወይስ ስላልቻለ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ተከታዩ ዘመን ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን፣ የጎንደር ሠዓሊዎች ፊትን በብርሃንና በጥላ ማሳበጥን፣ ከኋላ ያለውን መደብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ማሻገርን፣ የከበሩ ጨርቆችን አበባና ጥልፍ በዝርዝር ማሳየትን ሥራዬ ብለው ያዙ። እቴጌይቱ በጣና በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከማርያምና ከልጇ እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። ጥላና ጥልፍ የገባው ቤተ መንግሥቱ ጌጥና ግርማ በወደደ ጊዜ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ዘመን ሠዓሊ የተወውን የተወው አልጠቀመውም ብሎ እንደ ነበር፣ የኋለኛውም የወሰደውን የወሰደው ጠቅሞት እንደ ነበር ለመናገር በቂ ምክንያት አለ።

ዋናው ሲሄድ

ቅጂን ለሚንቁ ሰዎች የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ይህ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ ሥዕል በአውሮፓዊ እጅ የተሠራ እንደ ሆነ ይታመናል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ግን የራሳቸው አድርገውት ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ይዘውት ይሄዱ ነበር። በ1744 ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በስናር ጦር ድል በተነሡ ጊዜ ተማርኮ፣ በኋላ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ግን ከሠራዊቱ ጋር የዘመተው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ ሥዕሉም ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ሥዕሉ ቢሄድም መልኩ አልሄደም። ሠዓሊዎች በየዘመናቸው አይተው በገዛ ቀለማቸው ሲደግሙት ኖረዋልና፣ ያ ያዘነበለ ራስና ያ የእሾህ አክሊል በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በብራና ላይ ቀርቷል። ከሌላው ሥራ በመማር የተገኘ ነገር እንደ ተዋሱት ጌጥ ከአንገት የሚወልቅ አይደለም። ወራሪ ኃይል ገበታውን ሊዘርፍ ይችላል፤ በእጅና በዓይን ውስጥ የተቀመጠውን ግን ሊዘርፍ አይችልም።

ከብራና ወደ ትምህርት ቤት

በ20ኛው መቶ ዓመት የማስተያየቱ ሁኔታ ተለወጠ። ቀድሞ የውጭው ሥዕል ወደ ሠዓሊው ይመጣ ነበር፤ አሁን ሠዓሊው ወደ ውጭው ሥዕል ይሄድ ጀመር። አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምሮ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተመለሰ፤ በዘይት ቀለም የአገሩን ሰው መልክ መሣል ያዘ። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለደው አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረተ። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል።

ወደ ውጭ የሄደ ሠዓሊ የሚገጥመው ፈተና ከጎንደሩ ሠዓሊ የከበደ ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ በእጁ ያለው አንድ ወረቀት ነበር፤ በዙሪያው ያለው ዓለም በሙሉ የራሱ ነው። የፓሪሱ ተማሪ ግን አንድ ራሱን ይዞ በሌሎች ሥራ ባሕር መካከል ይቆማል። አንዳንዱ በዚያ ባሕር ይሰጥማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር ያገኛል። አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ከተማረ በኋላ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ሥዕሎች አጥንቷል። የአገሩን ቅርስ በባዕድ አገር ማግኘቱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ የአውሮፓን የቀለም መስተዋት ሥራና የብራናውን ጉልህ መስመር በአንድነት ለማየት አስችሎታል። በ1961 በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የቆመው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስተዋት ሥራው የዚህ ጥናት ፍሬ ነው።

ገብረ ክርስቶስና እስክንድር

ንጽጽር ትልቅ ክርክር ያስነሣው በ1960ዎቹ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለደ፤ አባቱ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን በኮሎኝ ተምሮ በመመለስ በ1963 በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ። የሰውና የነገር መልክ የሌላቸው ወይም መልካቸው የተሰባበረ ሥዕሎች ብዙውን ተመልካች ግራ አጋቡ። «ይህ የእኛ አይደለም፤ የፈረንጅ ነው» የሚል ወቀሳ ተሰነዘረ።

ወቀሳው ባዶ አልነበረም፤ ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶችና ከካንዲንስኪ መማሩ ከሥራው ይነበባልና። ይሁን እንጂ ወቃሾቹ አንድ ነገር ረስተዋል። የእርሱ ሥራ የሚለካው ከጎንደር ሥዕል ጋር ብቻ ከሆነ፣ የጎንደር ሥዕል ራሱ በዘመኑ ከምን ጋር ተለክቶ እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባል። «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕሉ ቀይ ቀለም ገንኖ የስቅለቱን ሥቃይ ይናገራል። ርእሱ በአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ለዘመናት የኖረ ነው፤ አነጋገሩ ግን አዲስ ነው። ፍሬ ጽዮን አዲስ አቀራረብን ለአሮጌ እምነት እንዳዋለው ሁሉ፣ ገብረ ክርስቶስም አዲስ ቋንቋን ለአሮጌ ሐዘን አውሎታል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ፤ በትምህርት ቤቱም ለተከታዩ ትውልድ መምህር ሆነ። በ1981 ግን በስደት በአሜሪካ በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር አረፈ።

የእስክንድር ቦጎስያን መንገድ ሌላ ነው። በ1955 ወደ ለንደን፣ ቀጥሎም ወደ ፓሪስ ሄዶ የፓውል ክሌንና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ በቅርብ ተመለከተ። ላም ከአፍሪካ የመነጩ ምልክቶችን ያለ ኀፍረት ወደ ዘመናዊ ሥዕል ያስገባ ሰው ነበር። በእስክንድር ሥራ ላይ የታየው ፍሬ ግን የላም ቅጂ አልነበረም፤ የግእዝ ፊደል፣ ጠልሰምና ክታብ ነበር። በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀው፣ ዓይኖች አፍጥጠው የሚያዩበት የደብተራ ክታብ በአዲስ መልክ ተገልጦ ታየ። የሌላውን ሥራ ማየት ወደ ሌላው ቤት አላስገባውም፤ ረስቶት የነበረውን የራሱን ሣጥን እንዲከፍት አደረገው። ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ ሲያስተምርም ይህን መንገድ ለተማሪዎቹ አሳይቷል። በኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ፤ በ2003 አረፈ።

መለኪያው በትእዛዝ ሲመጣ

ከ1974 በኋላ ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተልከዋል። ከዚያ የተገኘው የንድፍና የሰውነት ጥናት ጥንካሬ የሚካድ አይደለም። የአደባባይ ፖስተሩና የመታሰቢያ ሐውልቱ ግን አስቀድሞ በተቆረጠ መለኪያ ይሠራ ነበር፤ በ1984 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ርዳታ የተሠራ ነው። የጎንደር ሠዓሊ የሮሙን ሥዕል ሲያይ «ይህን ውሰድ፣ ያንን ተው» የሚለው የገዛ ዓይኑና የምእመኑ ልብ ነበር። ምርጫው ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤት ሲገባ ግን ማስተያየት ቀርቶ ማስተካከል ይሆናል። ኢየሱሳውያኑ በሥልጣን ኃይል ያስገቡት እምነት በ10 ዓመት ውስጥ ሲወድቅ፣ ማንም ያላስገደደበት ሥዕል እስከ ዛሬ መኖሩ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ከታሪኩ የሚወሰደው

እንግዲህ የራስን ሥራ ከሌላው ጋር ማስተያየት የሚጠቅመው መቼ ነው? ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያሳያል።

አንደኛ፣ ንጽጽር የተወሰነ ነገርን መጠየቅ አለበት። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ትዕቢት ወይም ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነው። «ይህ ሠዓሊ ሐዘንን በምን ቀለም ተናገረ? ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ እንዴት አቆመ?» የሚለው ግን ወደ ሥራ የሚመራ ጥያቄ ነው። የብራናው ሠዓሊ ከቴምፔስታ የወሰደው የታሪክ አደራደርን እንጂ ቴምፔስታነትን አይደለም።

ሁለተኛ፣ መተው ከመውሰድ እኩል ዕውቀትን ይጠይቃል። የሚተወውን ነገር ያላወቀ ሰው ሁሉንም ይሸከማል። የምስለ ፍቁር ወልዳ ውበት በተጠበቁት ሁለት ጣቶች ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በተተወው ጥላ ውስጥም አለ።

ሦስተኛ፣ ከንጽጽር በኋላ መመለሻ ሊኖር ይገባል። ለዚህ ከቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ የለም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩንና የቀደሙትን ቅኔ ይሰማል፤ ምሥጢሩን ይፈታል፤ አገባቡን ይመረምራል። ከዚያ ግን ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል። የሰማውን ቅኔ መልሶ ቢያቀርብ ሌባ ይባላል፤ ምንም ሳይሰማ ቢመጣ ደግሞ የሚናገረው አይኖረውም። የሥዕል መምህርም ተማሪውን የታላላቆችን ሥራ ሲያስቀዳው ይህን ሥርዓት ቢከተል መልካም ነው፤ ጧት የሌላውን ያስቀዳው፣ ማታ የራሱን ይጠይቀው።

ተረቱ ትክክል ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ጎንደሬው ሠዓሊ ግን የሰውን ወርቅ አንገቱ ላይ አላንጠለጠለውም። በገዛ ከሰሉ አቀለጠው፤ በገዛ መዶሻው ቀጠቀጠው፤ ከራሱም ወርቅ ጨመረበት። ዛሬ ያንን ሥዕል አይቶ «ይህ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ምእመን የለም።